ጎረቤቴ የተሻማኝ ዱላ

ፖሊሶች እስር ክፍሉ ውስጥ ሲወረውሩን መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው፤ በፊቴ ነበር የወደቅኩት። እርጥብ ሲሚንቶ፣ የሽንትና የበረኪና ሽታ። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ማስኬ በደም ተጣብቆብኛል። በኮሮናው ሎክዳውን ጊዜ የውጭ ዜጋ ሱቅ እንዳይከፈት ስለተከለከለ እኛ የዱርንፎንቴን ሰፈር ስደተኛ ነጋዴዎች ሰልፍ ወጥተን ነበር። ድምፅ ማጉያ ይዤ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ፖሊስ በጎማ ጥይት በተነነና ያገኘውን ለቃቅሞ አሰረ።

ከጎኔ የወደቀው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጎረቤቴ!

ስለዚህ ሰው ልንገራችሁ። ሁሉም ብርድ ልብስና መጋረጃ ሲሸጥ፣ እኔ ካትሌሆንግ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የአገሬው ምእመናን እሁድ እሁድ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ነጭና አረንጓዴ ልብስ አየሁና እየለካሁ መስፋት ጀመርኩ። ሥራው ያዘልኝ። ብዙም ሳይቆይ እሱም ፊት ለፊቴ የስፌት መኪና አስገባ። ታፔላዬን ቢጫ ባስቀባ ቢጫ አስቀባ። ጢሜን ባሳድግ አሳደገ። ደንበኞቼ እኔን ብለው መጥተው እሱ ጋ ይገባሉ። ያገሬ ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል፤ እኔ ግን የተሰጠኝ በዛብኝ። አንዳንድ ቀን አንቄ ብገድለው ደስታዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ሦስት ፖሊሶች ገቡ። ወፍራሙ ዱላ ይዟል።

«ማይ ፍሬንድ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ የነበረው ማነው?»

ሁላችንም ማስክ ስላደረግን ሊለዩን አልቻሉም። መሪው ከተገኘ የመኖሪያ ወረቀቱን ተቀምቶ ወደ አገሩ እንደሚባረር ሁላችንም እናውቃለን። ወፍራሙ በሩ አጠገብ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጉልበታቸው ላይ መታቸው። ጮኹ። ደገማቸው።

ልነሳ ግድግዳውን ስደገፍ ጎረቤቴ አየኝ። ትከሻዬን ቁልቁል ተጭኖ፣ በእኔው ላይ ተመርኩዞ፣ ቀድሞኝ ተነሳ።

«ኢትስ ሚ» አለ። «መሪው እኔ ነኝ።»

ደነገጥኩ። ቀጥሎ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩ። ይህንንም?

«ምን ብለህ ነበር የተናገርከው?» አለው ወፍራሙ።

የእኔን ንግግር ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ወረደው። እጁን እንኳ እንደ እኔ ያወናጭፍ ነበር። ሳይጨርስ ዱላው ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ሲወድቅ ሦስቱም በጫማ ተረባረቡበት። የጎድን አጥንቱ እንደ ጭራሮ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

ማስኬን ገነጠልኩት፤ የከንፈሬን ቆዳ ይዞ ነው የተላቀቀው።

«ተዉት! የተናገርኩት እኔ ነኝ። እሱ እኔን እየኮረጀ ነው!»

ጎረቤቴ ከወለሉ ቀና ብሎ በአማርኛ ጮኸብኝ። «ዝም በል አንተ! ሁልጊዜ አንተ ብቻ!»

ፖሊሶቹ ተያዩ። ከዚያ ዱላውን እኩል አካፈሉን። እኔ ሁለት ጥርስ አጣሁ።

ሲወጡ እየተሳብኩ ሄድኩና «ለምን?» አልኩት።

ደም ተፋ። «ሰልፉ ላይ ማጉያውን ስጠኝ ብልህ ከለከልከኝ።»

ሸሚዜን አውልቄ በረጅሙ ቀደድኩት፤ ደረቱንም በስንዝሬ ለካሁት። ከእኔ ይጠባል፣ በግራ በኩል ደግሞ ትንሽ ዝቅ ይላል። በሥራዬ ሁለት ሰው አንድ ልክ ኖሮት አላየሁም፤ የእሱን ለማወቅ ግን አስቤም አላውቅ ነበር። በልኩ ጠቅልዬ አሰርኩት።

«ላላ አድርገው» አለ። «እኔ ብሆን እንዲህ አላስርም።»

መሪው ማን እንደሆነ ሳይለይላቸው ለቀቁን።

ዛሬም ፊት ለፊቴ ነው የሚሰፋው። ብርድ ሲሆን ጎኑን ይይዛል። የሰልፉን ነገር ለሚጠይቀው ሁሉ እንዴት እንደመራው ይተርካል፤ እኔም እሰማለሁ፣ አላርመውም። ያን ቀን ያነሳው ቅናት ይሁን ፍቅር እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

በቀደም ታፔላዬን ሰማያዊ ላስቀባ ፈለግኩና ቀለም ቀቢውን ጠራሁት። ለአንድ ሱቅ ስንት ቆርቆሮ ቀለም እንደሚበቃ ሊነግረኝ ሲጀምር አቋረጥኩት።

«ለሁለት ሱቅ የሚበቃ ይዘህ ና» አልኩት።