እምቢታን የምታከብር ነርስ

ዳሌዬ ተሰብሮ በተኛሁበት ክፍል፣ ስትራመድ ሩጫ ሊያመልጣት የሚደርስ አንዲት ነርስ ነበረች። እስክሪብቶ ስትፈልግ ከጋውኗ ኪስ የሕፃን ካልሲ ይወጣል። ረጅም ጊዜ የተኛን ሰዎች ተረከዛችን እንዳይቆስል ምን እንደሚበጅ ታጠና ነበር። ዕጣ አውጥታ ለግማሾቻችን ከባታችን ሥር ልዩ ትራስ አደረገች። ለእኔ አልወጣልኝም። ሳታስፈቅድ ጥናቱ ውስጥ ያስገባችው ሰው ግን የለም።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ የተኙት እማማ፣ «ልጄ፣ በስተርጅና መሞከሪያ አልሆንም» አሏት።

«መብትዎ ነው እማማ» አለችና እንደ ወትሮዋ ፀጉራቸውን አበጠረችላቸው።

አለቃዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝም ብለሽ መዝግቢያቸው፤ ማን ያውቃል?» ሲላት ሰማሁ።

«እኔ አውቃለሁ!» አለችው፤ ፊቷ ቀልቶ።

አንድ ጠዋት በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች፤ እቅፏ ሙሉ ትራስ ነው።

«ሠራ! ሠራ እኮ!» አለች እየሳቀች። ትራስ የደረሳቸው ሁሉ ተረከዛቸው ደህና ነው፤ ከእኛ ወገን ግን ብዙዎች ቆስለዋል። አለቃዋ ጥናቱ እስኪያልቅ እንድትጠብቅ ቢነግራትም፣ «መድኃኒቱን ይዤ ሰው ሲቆስል አላይም» ብላ የሆስፒታሉን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አሳምና ጥናቱን አስቁማለች።

ለእኔ አድርጋልኝ ወደ እማማ ዞረች።

«ይኼም ጥናት ነው?» አሏት ኮስተር ብለው።

«ጥናቱማ አለቀ፤ ይኼ የእርስዎ ትራስ ነው።»

እማማ ትንሽ አዩዋትና ሁለቱንም እግራቸውን አነሱላት።