መጀመሪያ ተቀመጪ

«አክስትሽን የገደላት ደግነቷ ነው» አለችኝ አንድ ክፍል አብራን የምትኖር ልጅ በለቅሶው ቀን፣ ፊት ለፊት።

አክስቴ አረብ አገር፣ አል ቁሰይስ ውስጥ አልጋ አልጋ ተከራይተን በምንኖርበት ቢድ ስፔስ ዓርብ ዓርብ እኛን ወጣቶቹን ሃይማኖት ታስተምር ነበር። አንዷ «እግዜር ይሄንንም ይምራል?» ብላ ስትጠይቃት፣ መልስ ከመስጠቷ በፊት አልጋዋ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ትለቅላታለች። «መጀመሪያ ተቀመጪ። እሱም አስቀምጦሽ ነው የሚሰማሽ» ትላታለች። እኔ ግን «ሹግል አለብኝ፣ ሥራ ይጠብቀኛል» እያልኩ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሜ ነበር የምሰማት። አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ አልተቀመጥኩም።

በኮሮና ጊዜ አንዲት ልጅ ስላሳለች ማዳሟ አባረረቻትና እኛ ጋ መጣች። ሁላችንም «ሙሽኪላ ታመጣብናለች» ስንል አክስቴ ጠጋ አለችላት። ልጅቷ ዳነች። አክስቴ ግን ሆስፒታል ገብታ በዚያው ቀረች፤ ልሰናበታት ብሄድም አላስገቡኝም። አሁን የአልጋዋ አንሶላ እንደተወጠረ ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም።

ያቺ ልጅ ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ የክፍሉ ልጆች ደረጃው ላይ አስቀሯት። «እሷ ከገባች እኛ እንወጣለን» አሉኝ።

«እናንተ አትልፉ፣ እኔው እወጣለሁ» አልኳቸውና ማስኬን አድርጌ ከልጅቷ አጠገብ ልቀመጥ ወደ ደረጃው ወጣሁ።