የትናንት ዓሣና የዛሬ እውነት

ለሐይቅና ለአምባሰል ሕዝብ በከባድ ሐዘን እናስታውቃለን፦ ከጦርነቱ እንኳ ተርፎ የነበረው ውሸቴ ዛሬ ረፋድ ገበያ ላይ አርፏል።

ከትናንት የተረፉኝን ሁለት ዓሦች ዘርግቼ ሳለሁ ደንበኛዬ እትዬ ዘይነባ መጡ። «ዛሬ የወጣ ነው?»

«በማርያም!» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ጠዋት ኪዳን ላይ «ከውሸት ጠብቀኝ» ብዬ ለምኛለሁ።

«የትናንት ነው፣ እትዬ።»

ሳቁ። «አንተ ቀጣፊ! ለሌላ ሰው ልታስቀረው ነው አይደል? ጠቅልልልኝ!»

(ስዋሽ ያምኑኛል፣ እውነት ስናገር ቀጣፊ ነኝ።)

«አምላኬን እፈራለሁ፤ ከጎኔ ካለው ይግዙ፣ የሱ የዛሬ ነው።»

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ጮኹ፦ «ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ዛሬ ገና ክርስቲያን ሆነ!» ገበያው አጨበጨበልኝ! ጎረቤቴ ሸጠ፣ እኔ አሸነፍኩ!

እናንተስ እውነት ተናግራችሁ ማን አላምን አላችሁ? ጻፉልኝ።

ለነገሩ ሁሉም የሁለት ዓሣ ጉዳይ ነው፤ እነሱንም ለራት እበላቸዋለሁ።