የርግብ ማባረሪያው ሲዲ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። የከተማው ባቡር ሐዲድ ቃሊቲ ድረስ ተዘርግቶ፣ ባቡሩ ግን ገና ሰው መጫን ያልጀመረበት ጊዜ ይመስለኛል፤ መንገዱን ለመሻገር ብዙ ዞሬ ነበርና፣ ያውም ኮምፒውተር ታቅፌ። ጾሙ ግን ሁዳዴ እንደነበር አልረሳም። ባለቤቴ የመመረቂያ ጽሑፏን ከፋሲካ በፊት ማስረከብ ነበረባት።

ባለቤቴና እኔ የተገናኘነው እዚሁ አቃቂ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እሷ ፈትል ክፍል ነበረች፣ እኔ ሽመና ክፍል የማሽን ጥገና። እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ። እሷ ግን ቀን ሠርታ ማታ እየተማረች አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። ልጆቻችን ተድረው ሲወጡ ደግሞ፣ «እንግዲህ ተራው የኔ ነው» ብላ በአምሳ ምናምን ዓመቷ ቅዳሜና እሁድ ዲግሪ መማር ጀመረች። ልጆቿ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ስትቀመጥ አላፈረችም። እኔ ነበርኩ የማፍርላት። ኋላ ግን ደብተሯን ይዤ ታክሲ ድረስ መሸኘት ለመድኩ፤ ደስም ይለኝ ጀመር።

ጽሑፏ ስለ ፈትል ክፍል ሴቶች ነበር፤ በሽፍት እየሠሩ ልጆቻቸውን እንዴት እንዳሳደጉ። አብረዋት የሠሩትን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞረች ጠየቀች። አንዳንዶቹ አቃቂ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ርቀው ሄደዋል። ከሁሉም የምትቀርባት አንዲት ጓደኛዋ ታማ ተኝታ ነበርና አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ግማሽ ቀን ስትሰማት ዋለች። ያቺ ጓደኛዋ በሁለተኛው ወር አረፈች። ባለቤቴ ደግሞ የሰማችውን ቤት እንደገባች፣ ከልቧ ሳይጠፋ፣ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር የምትጽፈው። ደብተሯ ላይ ያለው የሴቶቹ ስምና ስልክ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ትልቋ ልጃችን ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ ሲወገድ ያመጣችልን ነው። እኛ ጋ ሲመጣም ሽማግሌ ነበር። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ኋላ ሰከን ይላል። ባለቤቴ ዳንቴል አልብሳዋለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ትምህርቷ ስትወጣ ኮምፒውተሩን ሳታጠፋው ተወችው። የክፍል ጓደኛዋ የሰጣትን የፕሮግራም ማደሻ እየጫነች ነበር።

«እስኪጨርስ እንዳትነካው» አለችኝ። «ሲጨርስ ራሱ ያቆማል።»

«ምን አገባኝ ብዬ እነካዋለሁ?» አልኳት።

እውነቴን ነው፣ አልነካሁትም። ረፋዱ ላይ ግን ቀብር ነበረብኝና ለባብሼ ወጣሁ። እንግዲህ እኛ ፋብሪካ አንድ ደንብ ነበር፤ ከአዳራሹ መጨረሻ የሚወጣው ሰው ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች አውርዶ ነው የሚወጣው። ጥጥ ባለበት ቤት አንዲት የእሳት ብልጭታ ምን እንደምታደርግ የምናውቅ እናውቃለን። ሃያ ስምንት ዓመት እንደዚያ ስወጣ ኖሬ፣ ጡረታም ከወጣሁ በኋላ እጄ አልተወውም። ቤት ዘግቼ ስወጣ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ ቀጭ አደርገዋለሁ። የዚያን ቀንም ቀጭ አድርጌው ሄድኩ፤ ከቀብር ስመለስ መልሼ አበራሁት።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ተመልሳ ኮምፒውተሩን ስታበራው አጓራ፣ አጓራና ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ አለ። ደግማ አበራችው። ያው ነው።

«አንተ፣ ምን አድርገኸው ነው?»

«አልነካሁትም አልኩሽ እኮ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አይ፣ መብራትስ አልጠፋም…» ብዬ ጀመርኩ። ወደ ቆጣሪው ዞሬ አየሁ። እሷም ዞራ አየች።

ብትጮህብኝ በተሻለኝ። አልጮኸችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ጫማዋን ማውለቅ ጀምራ አንዱን እግር እንዳወለቀች ቀረች። «የሌሎቹን ዞሬ እጠይቃለሁ» አለች። «የሷን ከማን እጠይቃለሁ?»

ሰኞ ዕለት የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ ሲፒዩ የሚሉትን፣ በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ቃሊቲ ወጣሁ። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ጋቢውን አይቶ፣ «ፋዘር፣ የታቀፉት በግ ነው እንዴ?» አለኝ።

«በሁዳዴ በግ ምን ያደርግልኛል?»

«ለፋሲካ በጊዜ ገዝተው ነዋ! ቀስ ብለው ይያዙት፣ እንዳይታመም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ኮምፒውተር የሚጠግነው ጎረምሳ ከፈት አድርጎ አየና ወዲያው ዘጋው። «ፎርማት ነው ፋዘር። አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው።»

«የተጻፈውስ?»

«ሌላ ቦታ ካላስቀመጡት እሱ ቻው ነው።»

«ልጄ፣ ሞታ የተቀበረች ሴት የተናገረችው ነው እኮ ውስጡ ያለው።»

«እሱንማ ቄስ ያናግሩ፣ እኔ የሞተ አላስነሳም» ብሎ ሳቀ። መልሶ ግን ፊቴን ሲያይ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ወደ ፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። የኮምፒውተሩ ማስነሻ ፕሮግራም መጫኛ ይሄ ነው፣ የተጻፈውን ሳያጠፋ የሚጭንልዎት ሰው ካገኙ ያስሞክሩ አለኝ። ፍላሿን ከደረት ኪሴ ከትቼ፣ ቁልፉንም ዘጋሁበት። በቃ መድኃኒቱን ይዣለሁ አልኩ። ለባለቤቴም እንደዚያው ነገርኳት፤ እሷ ግን ኪሴን አየት አድርጋ ሽሮዋን ማማሰሏን ቀጠለች።

በማግስቱ ፍላሿን ይዤ የሄድኩት ባለቤቴ ጽሑፏን ወደምታሳትምበት፣ እዚያው ቃሊቲ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የሱቁ ባለቤት የስልጤ ሴት ናት፣ ያኔ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ባለቤቴን «እትዬ» ነው የምትላት። ፍላሿን ራሷ ኮምፒውተር ላይ ሰክታ ከፈተችና ፈገግ አለች።

«አባባ፣ ይሄ ልጓም ነው።»

«እንዴት?»

«ፈረሱ የለም። ይሄቺ ትንሽ ነገር ስትከፈት ኢንተርኔት ገብታ ዋናውን ከዚያ ጎትታ ልታመጣ ነው። እናንተ ቤት ኢንተርኔት አለ?»

«የለም።»

«ቢኖርም ኮምፒውተሩ አይነሳም፤ በምኑ ይከፍታታል? ደግሞ ይሄ የአዲሱ ፕሮግራም ነው፣ የናንተ ማሽን አይሸከመውም። የሚያስፈልገን የድሮው ነው፣ ሙሉው፣ ሲዲ ላይ ያለ፣ ከማንም ሳይጠይቅ ራሱን ችሎ የሚጫን።»

«አንቺስ ልታወርጂው አትችይም?»

«በዚህ ኔትዎርክ? ሳወርድ ፋሲካውም ረመዳኑም ያልፋል።»

ፍላሿን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። እሷም ኮፒ የሚደረግ ወረቀት እያስተካከለች ቆየችና ድንገት፣ «ቆይ እስቲ» አለች። ሱቋን ስትከፍት የገዛችው ኮምፒውተር የኛ እኩያ ነው። አብሮት የመጣውን ሲዲ ቱሉ ዲምቱ እህል ቤት ላለው ወንድሟ አውሳው ነበር። ስልክ ደወለችለት፤ ጮክ ብለው በራሳቸው ቋንቋ ተነጋገሩ። ስትዘጋ ሳቋ ይተናነቃታል።

«አለ ነው የሚለው። ግን ሥራ ላይ ነው።»

«ምን ሥራ?»

«ሄደው ይዩት።»

ሐሙስ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። እህል ቤቱ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ነው። በሩ ላይ በክር የተንጠለጠሉ አራት አምስት ሲዲዎች በነፋሱ እየዞሩ ያብለጨልጫሉ። ጆንያዎቹ አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል፤ ርግቦቹ ከማዶ ጣሪያ ላይ ሆነው ያያሉ እንጂ አይጠጉም።

«የትኛው ነው?» አልኩት ሰውዬውን።

«እኔ ምኑን ለየሁት አባባ? ኮምፒውተሩ ከሞተብኝ በኋላ ሁሉንም ሰቀልኳቸው። አንዱ መንዙማ ነው፣ አንዱ የሠርግ ቪዲዮ ነው።»

በርጩማ አምጥቶልኝ ወጣሁ። ከታች ይዞኝ እሱ ያዝዛል፣ ከላይ እኔ አንድ በአንድ እያገላበጥኩ ጽሑፉን አያለሁ። እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም፤ እህቱ ግን አርማውን ወረቀት ላይ ሥላ ሰጥታኝ ነበር። ሦስተኛው እሱው ሆነ። ክሩን ስፈታ ሰውዬው፣ «ይሄን ወስደውብኝ ርግቦቹ ጤፌን ቢጨርሱት ወደ ቤትዎ ነው የምልካቸው» አለኝ።

«ላካቸው፣ አስተናግዳቸዋለሁ። ጾም ስለሆነ ግን ከሽሮ ሌላ የለኝም።»

በምትኩ የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን ሰቀለበት። ሲዲውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ መንገዱን ሁሉ እንደ እንቁላል ነበር የያዝኩት።

ዓርብ ጠዋት ሲፒዩውን መልሼ ታቅፌ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገባሁ። ባለቤቴን «ነይ» ብላት፣ «ሲሆን ጥራኝ» ብላ ቤት ቀርታለች። ሴትዮዋ የሲዲውን አቧራ በሻሿ ጫፍ ከመሃል ወደ ዳር እየጠረገች አጸዳችው። አስገባችው። ዞረ፣ ተንጫጨ፣ ቆመ። አወጣችው፤ እንደገና ጠረገችው። ሁለተኛም ተንጫጨ፣ ቆመ። በሦስተኛው ሰማያዊ ሰሌዳ መጣ። ከወንበሯ ብድግ አለች።

«አባባ፣ አሁን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቤቱን አፍርሶ መሥራት ነው። ሌላው ግድግዳውን ሳይነኩ፣ ዕቃውን ሳያወጡ፣ ጣሪያውን ብቻ መለወጥ። እኛ ጣሪያውን ነው የምንለውጠው። ሙሉው ሲዲ ባይኖር ይሄኛው መንገድ የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የራሴን አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌዋለሁ። ወላሂ፣ እኔም ፈርቻለሁ።»

«ቢስሚላሂ» ብላ ነካችው። እኔም በሆዴ የራሴን ጸሎት አልኩ።

የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ሥራው ገና ነበር። «ሰግጄ እመጣለሁ፣ እስክመጣ ምንም እንዳይነኩ» ብላኝ ወጣች። ሱቁን ለኔ ትታ ነው የሄደችው። ሰሌዳው ላይ «39» የሚል ቁጥር አለ፤ የቀረው ደቂቃ ነው ብላኛለች። ቁጥሩን አየዋለሁ፣ አይነቃነቅም። ሠላሳ ዘጠኝ። አንድ ሰው መታወቂያ ሊያስኮፒ መጣ፤ «ሰግዳ ትመጣለች» አልኩት። ሌላ መጣ፤ ለእሱም እንዲሁ። አሁንም ሠላሳ ዘጠኝ ነው። እጄ ሊበላኝ ደረሰ፤ ማሽን ሲቆም መትቶ የማስነሳት ልማድ አለኛ። ሁለቱን እጆቼን ጭኖቼ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። ከዚያ ሠላሳ ሰባት አለ። «ተመስገን!» ብዬ ስጮህ መታወቂያ የያዘው ሰውዬ ደነገጠ።

ስትመለስ ሰሌዳው አንድ ነገር እየጠየቀ ቆሞ ነበር። ሲፒዩው ጎን ላይ የተለጠፈውን ረጅም ቁጥር ነው የሚፈልገው አለች፤ እሷ ደግሞ መነጽሯን ቤት ረስታዋለች። እንግሊዝኛ ባላነብም ፊደሉን ግን እለያለሁ፤ ሽመና ክፍል የመለዋወጫ ዕቃ የምናወጣው በዚያ ፊደል ነበር። ተንበርክኬ አንድ በአንድ ጠራሁላት። የመጀመሪያውን አልቀበልም አለ፤ ቢ የሚባለውን ፊደል ስምንት ብዬ ጠርቼላት ነው። በሁለተኛው ተቀበለ።

ማሽኑ ተነስቶ ያ የምናውቀው ሥዕል ሲመጣ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ መጣች። ጽሑፏ የተቀመጠበት ምልክት ሰሌዳው ላይ፣ ጥግ ላይ፣ እንደነበረ አለ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይክፈቱት። እኔ አልችልም» አለች ሴትዮዋ።

ከፈተችው። መጀመሪያውን አላየችም። ወደ ታች ወረደች፣ ወረደች፣ አንድ ቦታ ቆመችና ድምፅ አውጥታ አነበበች፦ «የመጨረሻ ልጄን በአጥር ሽቦ መሃል ነው ያጠባሁት። ትልቋ ልጄ ከውጪ ታቅፋ ትይዘዋለች፣ እኔ ከውስጥ። ደወሉ ሲደወል ጥሎኝ አይሄድም ነበር፤ ሽቦውን ይዞ ይቀራል።» እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ ተቋረጠ። ሴትዮዋ እየሠራ የነበረውን የፎቶ ኮፒ ማሽን አጠፋችና አጠገቧ መጥታ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

ከሁሉ በፊት ያንን ገጽ አሳተሙት። ቀጥሎ ሌላውን።

ባለቤቴ በጊዜው አስረከበች፣ ተመረቀችም። ጽሑፏ መጀመሪያ ላይ አንድ የምስጋና ገጽ አለ፤ ፈጣሪን፣ አማካሪዋን፣ የፈትል ክፍል ሴቶችን አመስግናለች። እኔ ግን የለሁበትም። ለምን ብላት፣ «ያጠፋ ሰው ይመሰገናል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ልክ ናት። መጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈው ስም የሌላ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ እኔንም እሷንም ያሻገረችን፣ ቃሊቲ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት የነበራት የስልጤዋ እህታችን ናት።