አማቼ የሠራው ሪሞት

የምኖረው ሶማሌ ተራ ገበያ አጠገብ፣ ከልጄና ከባሏ ጋር ነው። አማቼ ሳሎን ውስጥ ኤሲ አስገጠመ። አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ለምን እንዳስፈለገ ማንም አልነገረኝም። ቀጥሎ ደግሞ ከኤሲው ጋር የመጣው ሪሞት አነሰውና፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ዕቃና ከሽቦ የራሱን መላኪያ ገጣጠመ። ስልኩን ሲነካ፣ የመላኪያው ትንሽ አምፖል ዓይን የማያየው ጨረር ወደ ኤሲው ትልካለች አለን። ከዚያ ወዲህ ገበያው ውስጥ ባለው ሱቁ ቁጭ ብሎ እቤት እኔን ያበርደኝ ጀመር።

አንድ እሑድ የገበያ ጓደኞቹን ጋብዞ ስልኩን አወጣ። ቢጫነው ቢጫነው ኤሲው ዝም አለ።

«ኔትወርክ ነው» አለ።

«ኢንጂነሩ፣ ተነስተህ በእጅህ ብትከፍተውስ?» አለው አንዱ። ሁሉም ሳቁ።

ልጄ እንግዳ ሲመጣ ቴሌቪዥኑንም ፍሪጁንም ዳንቴል ታለብሳለች። የተዝረከረከው ሽቦ አሳፍሯት መላኪያውንም በታጠፈ ወፍራም ዳንቴል ሸፍናዋለች። ጨረሩ በየት ይለፍ? ከተቀመጥኩበት ዳንቴሉ ይታየኛል።

«እማዬ፣ ዕቃውን የነካ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ አማቼ ላቡን እየጠረገ።

«እኔ ቴክኖሎጂ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ?» አልኩት።

እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ሳሎኑ ደስ የሚል ሙቀት ነበረው።