በመቀናጆ የተሠራው የማር ጎዝ

ማክሰኞ ጧት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከደብረ ማርቆስ መነኻሪያ ተነሣሁ። ጉዞዬ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ነው። እዚያ ሦስት ሰዎች ሙያቸውን አዋጥተው ለማይድን የእግር ቁስል የሚሆን ማር የተነከረ ጎዝ ለመሥራት ሦስት ዓመት ደክመዋል። አንዱ ንብ አርቢ ነው፣ አንዷ መድኃኒት ቀማሚ፣ አንዱ ጎዝና ፋሻ አምራች። ጎዙ የሕክምና ዕቃ ነው፣ ማሩ መድኃኒት፤ ሁለቱ በአንድ እሽግ ሲገቡ ሌላ ሦስተኛ ነገር ይሆናሉ። ዘንድሮ የሠሩት ናሙና አዲስ አበባ ለምርመራ ተልኮ ነበር። ቡሬ የተከራዩት ቤት ውል በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ናሙናው ካለፈ ውሉ ይታደሳል፣ ሥራውም ይቀጥላል። ካላለፈ ይዘጋል። ሰኞ ማታ መድኃኒት ቀማሚዋ ደውላ «ውጤቱ መጥቷል፤ በስልክ አልነግርዎትም» አለችኝ። ሥራቸውን ከጅምሩ እየተከታተልኩ ስለምጽፍ የወጣሁትም ለዚህ ነው።

ሚኒባሱ ሦስት መቶ ብር አስከፈለን። ከታሪፉ በላይ ነው፣ የተከራከረ ግን የለም። ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። ታኅሣሥ ስለሆነ ማሳው ታጭዷል፤ የጤፍ ክምር ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል። ደምበጫ ላይ የጾም ፍርፍር በሻይ በላሁ፣ መቶ ሠላሳ ብር። ከዚያ ወዲያ በየደጁ የተሰጣ በርበሬ ነው የሚታየው። ነፋሱ ሲነሣ ተሳፋሪው በሙሉ አስነጠሰ።

ፍኖተ ሰላም፣ አራት ሰዓት

መድኃኒት ቀማሚዋ መቅደስ የሆስፒታል ሥራዋን ትታ ነው ወደዚህ የገባችው። ከመነኻሪያው በጋሪ አሥር ደቂቃ ከሚያስኬድ ቦታ አንድ ንጹሕ ክፍል አላት፤ ማሩን የምትለካውም፣ ጎዙን የምትነክረውም እዚያ ነው። ወረቀቱን ሰጠችኝና እስካነብ ቆማ ጠበቀች። ጎዙ ከጀርም ነጻ ነው ይላል። ማሩ ግን ጀርም የመግደል ኃይል የለውም።

«ሞቷል» አለች። «ስረከበው ደህና ነበር። ራሴ ለክቼዋለሁ።» ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። እውነቷን ነው።

«ታዲያ ከዚህ ከወጣ በኋላ ምን ነካው?»

«እኔ የማውቀው የእኔን ክፍል ነው። ያሸገው ይርዳው ነው፣ ማሩን ያመጡት ጋሼ ቢተው ናቸው።»

«ይርዳውን አልጠየቅሽውም?»

«በሰው ሥራ ውስጥ እንዴት እገባለሁ?»

ይህን ያለችው በቁጣ አይደለም፤ እንደ ጨዋነት ቆጥራው ነው። ሥራውን ሲጀምሩ ጋሼ ቢተው «በመቀናጆ ይሁን» ብለው ነበር፤ ሁሉም ተስማማ። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል። ማታ ሁሉም የየራሱን በሬ ነድቶ ይገባል፣ የየራሱን ያበላል። የሌላውን በሬ «ምን አበላኸው?» ብሎ መጠየቅ ባለቤቱን መስደብ ነው። እነሱም ሦስት ደብተርና ሦስት ቁልፍ ይዘው፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ሠሩ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ለጠቅላላው ምርት ተጠሪ የሚሆን የአንድ ሰው ስም ሲጠይቃቸው በአንዱ መስመር ላይ ሦስት ስም ጽፈው ላኩ። ቅጹ ተመለሰ። እስከ ዛሬ መቅደስ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቡሬ፣ ዘጠኝ ሰዓት

በማንኩሳ በኩል አድርጌ ቡሬ ገባሁ። ጎዝ አምራቹ ይርዳው የእኔ እኩያ ነው፣ ተጫዋች ነው። ከተከራዩት ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ወረቀቱን አየኸው? እኔን አመስግኗል። ከጀርም ነጻ!»

«ማሩን ግን ሞቷል ይላል።»

«የሞተውን ያመጣውን ጠይቅ። ስኳር ጠጥታ የከረመች ንብ ማር አትሰጥህም፣ ሽሮፕ ነው የምትሰጥህ።»

«ጋሼ ቢተው ለንባቸው ስኳር ሲሰጡ አይተሃል?»

«አላየሁም። የሰው ቀፎ ውስጥ ምን አገባኝ?»

አልጋ በአራት መቶ ብር ያዝኩ። ውኃ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ወደ ገጠር

ከቡሬ በባጃጅ እስከ ጥርጊያው መንገድ መጨረሻ ሄድኩ፤ የቀረውን አንድ ሰዓት ከሩብ በእግሬ። ጋሼ ቢተው ሰባ ሊሞላቸው ነው፤ በወጣትነታቸው ዲያቆን ስለነበሩ ጽሕፈታቸው ያምራል። የስኳሩን ነገር ሳልሸፍን ነገርኳቸው።

«እንዲህ ብሎ ይርዳው ነው የተናገረው?»

«አዎ።»

«በአደይ አበባ ጊዜ ንብ ስኳር ምን ይሠራላታል? ሜዳው ሁሉ አበባ አይዶለም ወይ? ፊት ለፊቴ ቢለኝ በወደድኩ።»

እህታቸው እማሆይ ውዴ ከመደብ ላይ ሆነው ይሰሙናል። እግራቸው አብጦ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቁስሉ አራት ዓመት አልዘጋም። ጋሼ ቢተው ወደዚህ ሥራ የገቡት በእሳቸው ምክንያት ነው። አምና መቅደስ በእጇ የሠራቻቸው ጥቂት ጎዞች የቁስሉን እኩሌታ ዘግተውት ነበር። ጎዙ ሲያልቅ ቁስሉ ተመልሶ ሰፋ። ዛሬ በታጠበ የነጠላ ቁራጭ ነው የታሰረው።

«ልጄ፣ ያ መድኃኒት መቼ ነው የሚመጣ?»

«አላውቅም፣ እማሆይ።»

«ጥሩ ነው። አላውቅም የሚል ሰው አይዋሽም» አሉና እግራቸውን አስተካከሉ።

ጋሼ ቢተው ደብተራቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ። «ነገ እወርዳለሁ» አሉኝ። «መቅደስንም ጥራት።»

ሐሙስ፣ ቡሬ

ሦስቱም መጡ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ ተጠያየቁ፣ ስለ ጎዙ ግን የተነፈሰ የለም። ሦስቱን ደብተር ጠረጴዛው ላይ እንዲያኖሩልኝ ለመንኳቸውና እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከጋሼ ቢተው ደብተር፦ ሰኞ ማሩ ተቆረጠ፣ ረቡዕ ለመቅደስ ደረሰ። ከመቅደስ፦ ሐሙስ ተለካ፣ ደህና ነው፤ ከይርዳው ተቀቅሎ የመጣው ጎዝ ተነከረ፣ ወደ ቡሬ ተላከ። ከይርዳው፦ ዓርብ ታሸገ፣ በእንፋሎት ተቀቀለ።

መቅደስ ቀና አለች። «ከነማሩ?»

«ከነማሩ ነዋ» አለ ይርዳው። «ታሽጎ ያልተቀቀለ ጎዝ የትኛው ሐኪም ነው የሚቀበልሽ? ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።»

«የታሸገው ሙቀት በሌለው ጨረር ነው መምከን የነበረበት።»

«ማን ነገረኝ?»

«አንተ ሰውዬ» አሉ ጋሼ ቢተው በቀስታ፣ «እሳት የነካው ማር ኃይሉ እንደሚሄድ ንብ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ ንብ የለኝም፣ ጋሼ። እርስዎ ያውቁ ከነበረ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ስትቀቅለው መቼ አየሁና?»

«እኔ አይቻለሁ» አለች መቅደስ። ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። «ናሙናውን ልልክ ስረከብ እሽጉ ላይ ያለው ቴፕ ጠቁሮ ነበር። ያ ቴፕ የሚጠቁረው እንፋሎት ሲነካው ነው። ተጠራጠርኩ። ልጠይቅህ ስልኬን አነሣሁና ተውኩት። ‹በሬህን ምን አበላኸው?› እንደማለት መሰለኝ።»

ይርዳው ደብተሩን ከጠረጴዛው አንሥቶ የዓርቡን መስመር እንደገና አነበበ።

እንደገና መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የተረፈው ማር ለጠጅ ቤት ተሸጧል፤ የሚቀጥለው የአደይ ማር የሚገኘው ለከርሞ ነው። አንድ ሰው ለሁሉም ተጠሪ ሆኖ የሌላውን ደብተር ቢያይ፣ አከራዩንም አብረው ቢለምኑ አልኩ።

«ማን በማን ላይ ይሾማል?» አለ ይርዳው። ተንኮል የለበትም፤ መልሱን ፈልጎ ነው የጠየቀው። መቅደስ ጋሼ ቢተውን አየች፤ ጋሼ ቢተው መሬቱን አዩ። ጥያቄው ከሦስት ዓመት በፊት ቢነሣ ኖሮ ምናልባት መልስ ይገኝለት ነበር። ዛሬ ግን ሹመቱን የሚወስድ ሁሉ ጥፋቱንም የሚወስድ ነው።

«እንግዲያ በሬያችንን እንፍታ» አሉ ጋሼ ቢተው።

መለያየቱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ጋሼ ቢተው ባዶ ጀሪካኖቻቸውን በገመድ አሰሩ። መቅደስ ደብተሯንና ትሪዎቿን ያዘች። ይርዳው የእንፋሎት ማምከኛውን ከሶኬት ነቀለ። ማንም ከራሱ ያልሆነ ነገር አልነካም፤ ንጹሕ ሰዎች ናቸው። ጥግ ላይ ከነማሩ የተቀቀለው ጎዝ የሞላባቸው ሁለት ካርቶኖች ቀሩ።

«እነዚህስ?» አልኩ።

«ማሩ የእኔ ነበር» አሉ ጋሼ ቢተው። «አሁን ማር አይዶለም።»

«ጎዙን ለእሷ አስረክቤ ነበር» አለ ይርዳው።

መቅደስ ትሪዎቿን አቅፋ ወጣች። በሩን የዘጋው መጨረሻ የወጣው ይርዳው ነው። ጋሼ ቢተውን እስከ ጥርጊያው መንገድ ሸኘኋቸው። ለእህታቸው ምን እንደሚሉ ስጠይቃቸው «ጀሪካኑን ስታይ ይገባታል» አሉኝ።

ዓርብ፣ ደብረ ማርቆስ

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። ማስታወሻዬን ሳስተካክል መቀናጆን ልወቅስ ጀመርኩና ሰረዝኩት፤ እውነት አልነበረም። በመቀናጆ ሲታረስ በሬው የየግል ይሁን እንጂ የዕለቱ ማሳ ባለቤት አለው። እሱ ከፊት ይቀድማል፣ ትልሙ ሲጣመም እሱ ይጮኻል፤ የዚያን ቀን የጎረቤቱም በሬ እሱን ይመለከተዋል። እነዚህ ሦስት ሰዎች በሬያቸውን አቀናጁ፣ ማሳው የማን እንደሆነ ግን አልተነጋገሩም። በየድርሻቸው ጥፋት ፈልጌ አላገኘሁም። የጠፋው በድርሻዎቻቸው መካከል ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰው አልነበረም። ከዚህ የተሻለ ዜና ይዤ ለመመለስ ፈልጌ ነበር። አላገኘሁም።

ቅዳሜ መቅደስ ደወለች። አከራዩ ቤቱን ሊያስጠርግ ገብቶ ካርቶኖቹን አግኝቷል፤ የማን እንደሆኑ ጠይቋታል።

«ምን አልሽው?»

«የእኔ አይደሉም አልኩት።»