ስድስተኛዋ ጢንዚዛ

ቢያድግልኝ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ አይበላም። አንዴ ይጎርስና ይነሣል፤ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን እያየ ያላምጣል፤ ተመልሶ ደግሞ ይጎርሳል። «ኧረ አንተ ሰው፣ እህሉ እንኳ ሆድህ ገብቶ ይረፍ!» ትለዋለች ሚስቱ ሸዋርካብሽ። ማን ሰምቷት! ከወልዲያ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋ ድንበር አሻግሮ ሐርጌሳ ያመጣው ይኸው የማያርፍ እግሩ ነው። እሷም ተከትላው መጣች። ምን ታድርግ፣ ትወደዋለቻ!

ያኔ ሐርጌሳ የፈረሰውን ቤቷን መልሳ የምትሠራበት ዘመን ነበር። በጦርነቱ ጣሪያው ከተነሣ ግድግዳ አጠገብ አዲስ ፎቅ ይቆማል፤ ሲሚንቶው በቅጡ ሳይደርቅ ሱቅ ይከፈትበታል። እጁ ገንዘብ የገባ ሁሉ መኪና ይገዛል። መኪኖቹ ጃፓን አገር ተነድተው ያረጁ፣ መሪያቸው በቀኝ የሆነ፣ በበርበራ ወደብ የሚገቡ ናቸው። ቢያድግልኝ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ዳሀቦ የምትባል የመኪና ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሮ ውስጣቸውን ያጸዳል። ወንበር ይፈታል፣ ምንጣፍ ያነሣል፣ የወንበሩን ልብስ ደግሞ ሸዋርካብሽ እንድታጥበው ቤት ያመጣል።

ከወንበር ሥር ምን የማይወጣ አለ! ሳንቲም፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የከረሜላ ልጣጭ። አንድ ቀን ግን ጢንዚዛ ይዞ መጣ። ይዞ መምጣቱን የነገራት የለም። ሸዋርካብሽ ትራሱ ላይ አየቻትና «በስመ አብ!» ብላ ጫማዋን አውልቃ ቀጠቀጠቻት። ጢንዚዛዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ለካ ፕላስቲክ ናት። ባልየው ግን ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«የጃፓን ልጆች መጫወቻ ናት እኮ! አየሻት ሥራዋን?» አለና በሁለት ጣቱ ብድግ አደረጋት። እውነትም ሥራ ነው። ቡናማ ናት፣ ቀንዷ ጫፉ ላይ እንደ ሹካ ተከፍሏል፣ እግሯ ላይ ያለው እሾህ ሳይቀር ተሠርቶላታል። ከሳምንታት በኋላ ከሌላ መኪና ረጃጅም ቀንድ ያላት ሰማያዊ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የፈሰሰባት ወጣች። ቀጥሎ እንደ ቀስተ ደመና የምታብረቀርቅ። ከአንዷ መኪና ደግሞ ያልተከፈተች ድቡልቡል ፕላስቲክ ተገኘች፤ በውስጧ ከጢንዚዛዋ ጋር የታጠፈች ወረቀት አለች። ወረቀቷ ላይ ስድስት ጢንዚዛዎች በስዕል ተደርድረዋል። ጽሑፉን ማን ያንብበው! ስዕሉ ግን በቂ ነበር፤ ቢያድግልኝ ሁለት እንደጎደሉት አወቀ። ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ማን ይቻለው! አራቱን በቴምር ካርቶን ደርድሮ፣ ወረቀቷን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ የጎደሉትን ያስብ ጀመር።

ገነነ የሚባል ግንበኛ ጓደኛ ነበረው። ገነነ ቦሳሶ ወደብ ወርዶ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ ሊገባ ቆርጦ ተነሣ። ሊሰናበት የመጣ ዕለት ካርቶኑን አየና ሰው ፊት ሳቀበት። «አንተማ ምን አለብህ፣ ጢንዚዛህን ጠብቅ! ባሕር የሚሻገር ወንድ ነው» አለው።

የቢያድግልኝ ደሙ ፈላ። «ሚካኤልን! ስድስቱ ይሙሉልኝ እንጂ ከዚያ በኋላ አንዲት ቀን አላድርም። ባሕሩን እሻገራለሁ!» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቢያድግልኝ ስለ ብዙ ነገር ይዋሻል፤ የት እንደዋለ ይዋሻል፣ ሸሚዙን በስንት እንደገዛ ይዋሻል። በሚካኤል ምሎ ያጠፈበት ቀን ግን የለም። ሸዋርካብሽ ይህንን ስለምታውቅ ያን ዕለት ውሃ እንኳ አልወረደላትም።

ገነነ ተሻግሮ ከሳዑዲ ደወለ። «ና እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይላል። አብረውት ከተሳፈሩት ስንቱ ባሕር ውስጥ እንደቀረ ሲጠየቅ ግን መስመሩ ይቆረጥበታል። በተደወለ ቁጥር ቢያድግልኝ ከግቢው በር እስከ ቤቱ በር ሲመላለስ ያመሻል። በዚህ መሃል አምስተኛዋ ተገኘች። የቀረችው አንዲት አረንጓዴ ናት፣ በጀርባዋ ሁለት ቀይ ሰረዝ ከራስ እስከ ጅራት የወረደባት።

እሷን ያገኘቻት ሸዋርካብሽ ናት። የአንዲት ቪትዝ መኪና ወንበር ልብስ ስታሽ ስፌቱ ውስጥ ጠጠር የመሰለ ነገር እጇን ወጋት። ፈልቅቃ አወጣችው፤ አረንጓዴ፣ ሁለት ቀይ ሰረዝ። ልቧ ድንግጥ አለ። «ምነው እጄ ሳይሆን ጉድጓድ ውስጥ በገባሽ!» አለቻት። ታዲያ እንዴት ታምራለች መሰላችሁ፣ ፀሐይ ላይ ስታገላብጣት አረንጓዴው ወደ ወርቅ ይሄዳል። ልትጥላት አስባ እጇ እምቢ አላት።

መጀመሪያ ዱቄት ውስጥ ቀበረቻት። ዱቄቱን እሱ ይነካው ይሆናል ብላ ወደ በርበሬው አዛወረቻት። ከዚያ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። ሥራ ላይ ሆና ቋጠሮውን ትዳብሳለች፤ ባሏ ሲያስነጥስ ትደነግጣለች። ድሮ የረጋችው ሴትዮ አሁን ከእሱ ብሳ ቁጭ ማለት አቃታት። እሱም ባሰበት። የተሸጠ መኪና በር ውስጥ የሆነ ነገር ኳ አለ ብሎ በሩን ገነጣጠለው። ዳሀቦ መጥታ አየችና «መኪናውን አጽዳ አልኩህ እንጂ አርደህ በልተው አልኩህ?» ብላ በሶማልኛ አወረደችበት። ሌላ ጊዜ ቢደግማት እንደምታባርረው ነግራ ላከችው። ቤት ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ዋለ።

ሸዋርካብሽ ምስጢሯን ለጎረቤቷ ለጣይባ ተነፈሰች። ጣይባ የወሎ ልጅ ናት፣ ሳምቡሳ ትሸጣለች፣ ምላሷ ስለት ነው።

«ወላሂ እኔ ብሆን እሳት ውስጥ ነበር የምከታት» አለች ጣይባ። መልሳ ደግሞ፣ «ግን እቴ፣ መሐላው የሱ ነው። አንቺ እየደበቅሽ፣ እሱ እየፈለገ፣ ይሄ ምን ትዳር ይባላል? ስጪው። የሚሄድ ሰው በጢንዚዛ ታስሮ አይቀርም» አለቻት።

እውነቷን ነው። ሸዋርካብሽ ባሕሩን ፈርታለች፣ በሰው አገር ብቻዋን መቅረትን ፈርታለች። ከሁሉ የባሰው ግን በየቀኑ «ዛሬስ አገኘህ?» እያሉ ዓይኑን ማየት ነው፤ አንገሸገሻት። ሚካኤልንም ተቆጣችው። «አንተስ ብትሆን ምን አስቸኮለህ፣ የሰከረ አፍ የማለውን ሁሉ መያዝ?» አለችው በልቧ። ያልሰከረ መሆኑን ራሷ ታውቃለች።

ዓርብ ነው፤ ሥራ የለም። ቢያድግልኝ ካርቶኑን አልጋው ላይ አውርዶ አምስቱን በጨርቅ ይወለውላል። ሸዋርካብሽ ቋጠሮዋን በጥርሷ ፈታችና አረንጓዴዋን ፊቱ አኖረችለት።

«ከቪትዟ ወንበር ልብስ ውስጥ ነው ያገኘኋት። ዛሬ አይደለም፣ ቆይቷል። ደብቄብህ ነው» አለች።

ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ አልጮኸም። እሰይ ብሎ ይዘላል ብላ ጠበቀች፤ አልዘለለም። ፊቱ አመድ መሰለ። አነሣት፣ ወደ በሩ ብርሃን ወሰዳት፣ ገለበጣት። ወረቀቷን ከግድግዳው ልጦ አመጣና ጢንዚዛዋን ከስዕሏ አጠገብ አስቀመጣት። ሸዋርካብሽ ይህን ሰው ይህን ያህል ዓመት ስታውቀው ፈርቶ ያየችው ገና ያን ዕለት ነው።

«እንግዲህ ሞላልህ» አለችው።

«አይደለችም» አለ ቢያድግልኝ።

«ምን አልክ?»

«ይቺ አይደለችም። የስዕሏ ሰረዝ ወደ ወርቅማ ይሄዳል፣ የዚች ቀይ ነው። ሌላ ዘር ናት።»

ጎንበስ ብላ አየች። ሰረዙም ያው፣ እግሩም ያው፣ ቀንዱም ያው። የስዕሉ ቀለም በፀሐይ ብዛት ነጥቷል እንጂ አንድ ዓይን ያለው ሰው እንኳ አይስታትም። «አንተ ውሸታም!» ልትለው አፏን ከፈተችና ዓይኑን አየችው። ዓይኑ ይለምናት ነበር። መሄድ እንደማይፈልግ፣ ከማንም በላይ ባሕሩን እንደሚፈራ፣ ይህንን ደግሞ ለሰው ቀርቶ ለራሱም ሊናገር እንደማይችል ያኔ ገባት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ አደረገች።

«እውነትህን ነው፣ ሳያት ጊዜ እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለችው። «አይዞህ፣ ያቺኛዋም ትገኛለች።»

«መገኘቱንስ ትገኛለች» አለ ቢያድግልኝ አረንጓዴዋን ከካርቶኑ ውጭ ለብቻዋ እያኖራት፤ «ግን ቶሎ የምትገኝ አይመስለኝም።»